ከመደምሰስዎ በፊት በፍላሽ ይሞክሩት፦ ስለ አሮጌ ላፕቶፕና ሊኑክስ ለተነሣው ጥያቄ

ሰላም መምህርት። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራ፣ ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ያለው ላፕቶፕ ከወንድምዎ ደርሶዎታል። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ለመነሣት አሥር ደቂቃ ይፈጅበታል። የአማርኛ ፈተና ሊጽፉበት፣ ሊያትሙበትና ቴሌግራም ሊከፍቱበት ይፈልጋሉ፤ «ከሁሉም ቀላሉ ሊኑክስ የትኛው ነው?» ብለውም ጠይቀዋል። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሥርዓት ነው፤ ብዙ ዓይነት አለው፤ ቀላል ሲባልም ማሽኑን የማያከብድ ማለት ነው። ቀደም ብለው የመለሱት የቡድኑ አባላት የዘረዘሯቸው ስሞች ትክክል ናቸው። እኔ ግን እንጀራዬ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ ስለሆነ ጥያቄዎን የማየው ከዚያ በኩል ነው፦ የፈተና ወረቀትዎን ያለ ችግር ጽፎ የሚያትምልዎት የትኛው ነው? ቀላል የሆነ ሥርዓት ሁሉ ይህን አያደርግም፤ ይህን የሚያደርገውም ከሁሉም ቀላሉ ላይሆን ይችላል።

በቤቴ ሁለተኛዋ ማሽን የእርስዎ ላፕቶፕ እኩያ ናት፤ ፕሮሰሰሯም ራሟም ተመሳሳይ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ለቀበሌ የሚሰጥ ማመልከቻ ሊያስጽፉ መጡ። መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ዋናው ኮምፒውተር ተይዞ ነበርና ይህችን ከፈትኳት። የሀርድ ዲስኳ መብራት ሳያቋርጥ እየበራ፣ ዊንዶውሱ ራሱን እያደሰ፣ እኛ ሁለታችን ስክሪኑን እያየን ሰዓቱ አለፈ። እናትየዋ ምንም ሳይናገሩ ተነሥተው ሄዱ። ያን ቀን ማታ ነው ሊኑክስ መፈለግ የጀመርኩት። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ የደኅንነት ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ለእነዚህ ማሽኖች አልተሠራም። ስለዚህ ባለበት ልቆይ ማለትም ዋስትና የለውም።

በቅድሚያ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር ቢኖር ምንም እንዳይደመስሱ ነው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ከፍላሽ ተነሥተው ሀርድ ዲስኩን ሳይነኩ ይሠራሉ። አንድ ባለ 8 ወይም ባለ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም አንድ ጊዜ ፍላሹ ላይ ይጭኑታል፤ ይህ ሲሆን ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ በኋላ የወረዱትን የሊኑክስ ፋይሎች እንደ ማንኛውም ፋይል መገልበጥ ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓይነት በአንድ ፍላሽ ይዞ መሞከር ይቻላል። ላፕቶፑ ሲነሣ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ከየት ልነሣ ብሎ ይጠይቃል፤ ቁልፉ እንደ ላፕቶፑ ሥሪት ይለያያል።

እኔ በመጀመሪያው ሙከራ ልተወው ደርሼ ነበር። ፍላሹ ተነሣ፣ ጽሑፎች ወረዱ፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪን ሆኖ ቀረ። «ማሽኗ አርጅታለች» ብዬ ደመደምኩ። ጥፋቱ ከማሽኗ አልነበረም። ፋይሉን በስልክ ዳታ ሳወርድ መሐል ላይ ተቋርጦ ስለነበር ጎዶሎ ኖሯል። ሊኑክስ የሚያወጡት አብዛኞቹ ከፋይሉ ጎን ሻ256 የሚባል ረጅም የቁጥርና የፊደል ተከታታይ ያስቀምጣሉ። የወረደው ፋይል በማረጋገጫ ፕሮግራም ሲሰላ ተመሳሳዩን ካልሰጠ ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር ይህን ሳያረጋግጡ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ዳታም ቀንም ያባክናል። ካቋረጠበት የሚቀጥል ማውረጃ ይጠቀሙ፤ ቶሬንት ካለ ደግሞ ይበልጥ ይመረጣል፣ የተበላሸውን ክፍል ራሱ አጣርቶ ያሟላዋልና።

በሁለተኛው ሙከራ አንቲኤክስ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት አስነሣሁ። ደቢያን በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተመሠረተ፣ ሆን ተብሎ ለአሮጌ ማሽኖች የተሰናዳ ነው። ገና እንደተከፈተ የያዘው ራም ከ200 ሜጋባይት ብዙም አልዘለለም ነበር። የጽሑፍ ማዘጋጃውን፣ ሊብሬኦፊስን፣ ስከፍት የቆጠርኩት በሰከንድ ነው። ደስታዬን ልደብቅዎት አልችልም፤ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ከዚያ የድረ ገጽ መክፈቻውን፣ ፋየርፎክስን፣ ስከፍት አንድም ገጽ አልገባም አለኝ፤ ሁሉም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። ኢንተርኔቱ ግን አለ። ብዙ ከተንገላታሁ በኋላ ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ወዳለው ሰዓት ሄደ፤ ዓመቱን ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ያሳያል። በእነዚህ ላፕቶፖች ውስጥ ሰዓቱን የምትይዝ የሳንቲም መጠን ያላት ባትሪ አለች፤ በብዙዎቹ ሲአር2032 የምትባለው ናት። እርሷ ስታልቅ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ድረ ገጾች የሚሰጡት የደኅንነት ሰርተፊኬት የሚጸናበት ዘመን ስላለው፣ ቀኑ ሲሳሳት ሰርተፊኬቱ ሁሉ ሐሰት ይመስለዋል። የፕሮግራም ማውረጃውም በዚያው ምክንያት እምቢ ይላል። የላፕቶፕዎ ዋና ባትሪ ሞቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ይህች ትንሿም ሳትሞት አትቀርም። መጀመሪያ ቀኑን በእጅ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ባትሪዋን ያስቀይሩ።

ዋይፋዩም ወዲያው ላይሠራ ይችላል። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ፈርምዌር የሚባል ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋሉ፤ ፋይሉ ደግሞ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው። ዋይፋይ ለማግኘት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ! መውጫው ስልክዎ ነው፦ የአንድሮይድ ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰክተው ከስልኩ ቅንብር «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ያብሩ። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ያየዋል፤ ምንም መጫን አይጠይቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አማርኛው ልምጣ። በዊንዶውስ የለመዱት የግዕዝ መጻፊያ ሊኑክስ ላይ የለም ብለው ይነሡ። በምትኩ አይባስ የሚባል የመጻፊያ ማዕቀፍ አለ፤ ከእርሱ ጋር «አይባስ ኤም17ኤን» የሚለውን ጥቅል ሲጭኑ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር አማርኛ ይመጣል፤ ስሙ ሴራ ነው። በላቲን ፊደል ድምፁን እየጻፉ ግዕዙን ያወጣልዎታል። ኪማን የሚባለውም በሊኑክስ ይሠራል፤ የአማርኛ ገበታም አለው። በአንዳንድ ቀላል ሥርዓቶች፣ በአንቲኤክስም ጭምር፣ አይባስ በራሱ አይነሣም፤ ማሽኑ ሲከፈት ከሚነሡት ፕሮግራሞች መካከል በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው «አማርኛ አይጽፍም» ብሎ ይተወዋል፤ ያሳዝነኛል፣ የአንድ መስመር ሥራ ነውና።

የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን ይለያያል። ከእኔ ጋር የምትሠራው ጸሐፊ ሳታይ የምትጽፍ ናት፤ እጇ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀባት፤ በተለይ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ትቸገር ነበር። የፈተና ሳምንት ሲደርስ አይጀምሩት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይጀምሩ።

ከመጻፉም በላይ ያስጨነቀኝ የድሮ ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል በሁሉም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የዘለቁት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈት ጽሑፉ የምልክትና የእንግሊዝኛ ፊደል ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። እኔ የድሮ ፎንቶቹን ገልብጬ ሊኑክስ ላይ ጫንኳቸው፤ አንዳንዱ ፋይል በትክክል ወጣ፣ አንዳንዱ አልወጣም። ስለዚህ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎችዎ በእነዚያ ፎንቶች የተጻፉ ከሆኑ፣ ዊንዶውሱ ቀርፋፋም ቢሆን ገና እያለ አንድ በአንድ ይክፈቷቸው፤ ቢያንስ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩና ያስቀምጡ፣ የሚያስፈልጉዎትን ደግሞ ወደ ዩኒኮድ ያዙሩ። ዲስኩ ከተደመሰሰ በኋላ ይህን ማሰብ ይረፍዳል።

በዩኒኮድ የተጻፉት ችግር የለባቸውም፤ መልካቸው ብቻ ይለወጣል። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፤ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ ሊብሬኦፊስ በሌላ ይተካዋል። የፊደሎቹ ስፋት ሲለያይ መስመሩ ይገፋል። ሁለት ገጽ የነበረ ፈተና ሦስት መስመር ተርፎት ሦስተኛ ገጽ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። ለስድሳ ተማሪ ሲባዛ ያ ስድሳ ወረቀት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጫኑ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ከዚያ በአንዱ ይጽኑ። የመጨረሻውን ቅጂ ሁልጊዜ በፒዲኤፍ አውጥተው ወደ ማባዣው ይላኩ፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አይፈርስም።

ፕሪንተር ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። የኤችፒ ፕሪንተሮች ኤችፒሊፕ በሚባለው ፕሮግራም በብዛት ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹ ትናንሽ ሌዘሮች ብቻ ተጨማሪ ፋይል ያስወርዳሉ። እኔ ቤት የነበረው ሌላ ሥሪት ግን ሁለት ቀን አታግሎኝ፣ በመጨረሻ ከሌላው ኮምፒውተር ጋር አያይዤ ተውኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የድረ ገጽ ነገር አለ፤ እዚህ ላይ የተጋነነ ተስፋ ልሰጥዎት አልፈልግም። ሥርዓቱ 200 ሜጋባይት ብቻ ቢወስድም፣ የዛሬ ድረ ገጾች ለአንድ ገጽ ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። በ2 ጊጋባይት ሦስት አራት ገጽ ከፍቶ መሥራት ይቻላል፤ አሥር ገጽ ሲሆን ማሽኑ ይታነቃል። ዩቲዩብን በ360 ወይም በ480 የምስል ጥራት ካዩት ይሄዳል፤ ከዚያ ከፍ ሲል ፕሮሰሰሩ ብቻውን ሊፈታው ስለሚገደድ ይንቀጠቀጣል። ለቴሌግራም በፋየርፎክስ ከመክፈት ራሱን የቻለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጫን ይሻላል።

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በመጀመሪያ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ይግዙ። እንደ እርስዎ ላፕቶፕ በዚያ ዘመን የተሠሩት አብዛኞቹ ሳታ የሚባለውን መሰኪያ ስለሚጠቀሙ ባለ 2.5 ኢንቹ ኤስኤስዲ በቀጥታ ይገባል፤ 120 ጊጋባይት ከበቂ በላይ ነው። እኔ ሊኑክሱን ከጫንኩ በኋላ ዲስኩን ስቀይር ያየሁት ልዩነት ዊንዶውስን በሊኑክስ ስቀይር ካየሁት አያንስም። ቀጥሎ ራሙን ወደ 4 ያሳድጉ፤ ዲዲአር2 የሚባለው የቆየ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ያለውን አስፈትተው ይዘው ሄደው ተመሳሳዩን ይጠይቁ።

ምርጫዬን እንግዲህ ልንገርዎት። ባለ 2 ጊጋባይት ሆኖ ከቀጠለ ኤምኤክስ ሊኑክስ የሚባለውን ፍሉክስቦክስ በሚሉት ቀላል የስክሪን ገጽታው፣ ወይም አንቲኤክስን ይሞክሩ። ራሙ 4 ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን ኤክስኤፍሲኢ በሚሉት የስክሪን ገጽታው ይውሰዱ፤ ከዊንዶውስ ለመጣ ሰው ከእርሱ የሚቀርብ አላየሁም፤ ምናሌው ከታች በግራ ነው፣ ቅንብሩ በአንድ ቦታ ተሰብስቧል፣ አይባስን ለማስነሣትም ከቅንብሩ መምረጥ ይበቃል። አንድ ወንድም ባለ 32 ቢቱን (ለቀድሞ ፕሮሰሰሮች የሚሆነውን) አውርጂ ብሎዎታል፤ አያስፈልግዎትም። ኮር ቱ ዱዎ ባለ 64 ቢት ነው። ባለ 32 ቢት ሥርዓቶች እየቀሩ ናቸው፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ደቢያን 13 ራሱ ለ32 ቢት ኮምፒውተር የሚሆን መጫኛ የለውም።

አንቲኤክስም ኤምኤክስም ፍላሹ ላይ የጻፉትንና ያስተካከሉትን እንዲያስታውስ ማድረግ ይቻላል፤ ፐርሲስተንስ ይሉታል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ሳይነኩ አንድ ሙሉ ወር ከፍላሽ ይሥሩ። በዚያ ወር አንድ እውነተኛ ፈተና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጻፉበት፦ አርእስቱ፣ ሠንጠረዡ፣ አዛምዱ፣ ባዶ ቦታው ሁሉ ይኑርበት። ከዚያ ያትሙት። እስከዚያው የፕሪንተርዎን ሞዴል ከጀርባው አይተው እዚሁ ይጻፉልኝ፤ በሊኑክስ የሚሠራ መሆኑን አጣርቼ ከመጫንዎ በፊት እመልስልዎታለሁ።