የብሪታንያው ንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ዙፋኑን ሲለቅ አርማው ተወሰደበት ወይ?

አልተወሰደበትም። ምልክት ተጨመረበት እንጂ።

ኤድዋርድ በታኅሣሥ 1936 እ.ኤ.አ. ከዙፋን ወርዶ የዊንድሰር መስፍን ሲባል፣ ንጉሣዊው አርማ አብሮት ቀረ። ግን እንዳለ አይደለም። አርማው ላይ ያለው ጋሻ አናት ላይ ነጭ አግድም መስመር አለ፤ ከመስመሩ ሦስት ጥርስ ወደ ታች ወርዷል። የመሃሉን ጥርስ ልብ ብለህ እየው፦ ትንሽ ዘውድ አለችበት። አልጋ ወራሽ እያለም ባለ ሦስት ጥርስ መስመር ነበረው፣ ያኔ ግን ባዶውን ነበር። እኔ ዘውዷን የማነባት «ይሄ ሰው ነግሦ ያውቃል» ብዬ ነው።

ምንም ያልተጨመረበት አርማ የነጋሹ ብቻ ስለሆነ ወደ ወንድሙ ወደ ጆርጅ 6ኛ አለፈ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ይሄ አርማ ያለበትን አሮጌ ዕቃ ዘመን በጋሻው አትገምት። እኔ እንዲህ ብዬ ጉድ ሆኛለሁ። የብሪታንያ ነገሥታት ጋሻ (የስኮትላንዱን ትተን) ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያው ነው፤ የቪክቶሪያም፣ የኤድዋርድም፣ የጆርጅም። የሚለያቸው የስማቸው ፊደል ነው። ዓመት ባልሞላው የኤድዋርድ ንግሥና የተተከሉ ጥቂት የፖስታ ሳጥኖች ዛሬም የእሱን ፊደል እንደያዙ መንገድ ዳር ቆመዋል።