ላብራዶር ለሰንሰለት አይሆንም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የ9 ሳምንት ወንድ ላብራዶር ገዝታችኋል፤ የልጆቹን እጅ ይነክሳል፣ ሳሎን ይሸናል፣ የተሰጠውን ጨርሶ ሌላ ይጠይቃል። ባለቤትሽ ደግሞ «ግቢ ይታሰርና ጥሩ ዘበኛ ይወጣዋል» ብሏል። አንቺ የጠየቅሽው ስለ ንክሻውና ስለ ምግቡ ነው፤ እኔ ግን ከሰንሰለቱ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚበላሸው ከዚያ ነውና።

እኛ ቤት ቡኒ የምትባል ቡናማ ላብራዶር አለች፤ ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ ያደግኩት ውሻ ቀን በር ላይ ታስሮ ሌሊት በሚፈታበት ግቢ ነው፤ እሷንም በአራት ወሯ አጥር ጥግ አሰርኳት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የአንገቷ ጸጉር ተመለጠ፣ የፊት እግሯን እየላሰች አቆሰለችው፣ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። ስፈታት ደግሞ ከደስታዋ ብዛት ልጄን ገፍትራ ጣለቻት። ቁስሉን ሊያይ የመጣው የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሰንሰለቱን አየና «ይቺ ሰው ነው የናፈቃት» አለኝ። ያን ዕለት ፈታኋት፤ ቁስሏም ዳነ።

የዘሩ ነገር ነው። የላብራዶር አያቶች በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር በጀልባ የሚውሉ፣ ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣና የመረብ ገመድ ከቀዝቃዛ ባሕር እየጎተቱ የሚያወጡ ውሾች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ወስደው፣ አዳኝ የመታውን ወፍ ሳያቆስሉ በአፋቸው ይዘው የሚያመጡ አድርገው አዳቀሏቸው። ከሰው ጎን መሥራትና ሁሉን በአፍ መያዝ ከዚያ የወረሰው ነው። ባለቤትሽ ይህን ይወቅልኝ፤ ላብራዶር በር ሲንኳኳ ይጮህላችኋል፣ ከዚያ የገባውን እንግዳ ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል። የምትፈልጉት የሚያስፈራ ዘበኛ ከሆነ ይሄ ዘር አይደለም፤ በሰንሰለትም አይሆንም።

ውሻ ቤት አይግባ የሚለውንም አውቃለሁ። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ የምትጸልይበት ክፍል አጠገብ ውሻ እንዲደርስ አትፈልግም፣ ልክ ናት። ቡኒ ከኩሽናው በር አታልፍም። እዚያ ምንጣፏ አለ፣ ድምፃችንን ትሰማለች፣ ማታም እዚያው ትተኛለች። ያቺን ያህል ቦታ ካገኘ ይበቃዋል።

አሁን ንክሻው። የላብራዶር ቡችላ አፉ እጁ ነው፤ የሚነካውን ሁሉ በጥርሱ ነው የሚያውቀው። ከአራተኛው ወር ጀምሮ የወተት ጥርሱ መርገፍ ሲጀምር ይብስበታል፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ይበርድለታል። አፉን መምታት ምንም አይጠቅምም፣ እጅ ሲያይ የሚሸሽ ወይም የሚያኮርፍ ውሻ ነው የሚያወጣው። እኛ ያደረግነው ቀላል ነው፦ በነከሰች ቁጥር ጨዋታው ያቆማል፣ ሁላችንም ተነስተን ጀርባ እንሰጣታለን፤ ከትንሽ ቆይታ በኋላ የምታኝከው ነገር እንሰጣታለን። ፍሪዘር ውስጥ የከረመ ካሮት ወይም ታጥቦ የተቋጠረ እርጥብ ጨርቅ ድድን ያበርዳል። ልጆቹ ሲነከሱ እየጮኹ እንዳይሮጡ አስተምሪያቸው፤ ሩጫው ለእሱ ጨዋታ ነው። ደግሞም ማታ ላይ ያበደ ሲመስልሽ፣ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ነው። በዚህ ዕድሜው አብዛኛውን ቀን መተኛት አለበት፤ ልጆቹ ሲተኛ አይቀስቅሱት።

ሽንቱን በተመለከተ ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላና ከተጫወተ በኋላ ወዲያው አውጪው፤ ውጭ ሲሸና አመስግኚው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ተደብቆ መሽናት ብቻ ነው የሚያስተምረው።

ምግቡ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ እኛ ዋጋ የከፈልንበት እዚህ ነው። የላብራዶር ረሃብ እውነተኛ ነው። በፈረንጆቹ 2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የጥጋብን ስሜት የሚቆጣጠር ዘረመል ጎድሎ እንደሚወለድ አገኙ። በ2024 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚህ ውሾች እረፍት ላይ ሲሆኑ የሚያቃጥሉት ጉልበት በ25 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ዓይን ዓይንሽን ሲያይሽ አንጀትሽ አይላወስ፤ የሰጠሽው አንሶ ላይሆን ይችላል።

ቡኒ ሁለት ዓመቷ ሳለ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ባለቤቴ የድፎ ዳቦ ሊጥ አቡክታ ኩፍ እንዲል ኩሽና ተወችው። ስንመለስ ግማሹ የለም። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች ነበር። ለካ እርሾው ሆድ ውስጥም መፍላቱን አያቆምም፤ ሊጡ ያብጣል፣ ከሱ የሚወጣው አልኮል ደም ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን በግሉኮስ አደረች፣ ተረፈችልን። ከዚያ ወዲህ ሊጥና ቡሆ ቤታችን ክዳን ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ነው የሚያድረው።

የተረፈ ወጥ አትስጪው። የወጣችን መሠረት ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። የዶሮ አጥንት ሲበስል ተሰንጥቆ ይወጋል፤ የፋሲካ ሰሞን ቆሻሻ ማጠራቀሚያውን ቆልፉ። ዘቢብና ቸኮሌትም መርዝ ናቸው። ከልኳንዳ ሳንባና ጉበት የምታመጪለት ከሆነ ጥሬውን በፍጹም፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ሳንባ ውሻው ሆድ ውስጥ የኮሶ ትል የሚሆን፣ ከውሻው ደግሞ ወደ ልጆችሽ የሚሸጋገር በሽታ ይዟል። ግማሽ ሰዓት ይንተክተክ፤ የትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚሰጥሽ ቀጠሮ አታስተጓጉይ። ከውጭ የሚገባው ደረቅ ምግብ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፣ እኛም ከሩዝና ከሥጋ ጋር እየቀላቀልን ነው። ግን ሩዝና ሥጋ ብቻ ከሆነ ለሚያድግ አጥንት ካልሲየም ይጎድለዋል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገርሽ።

እስከ አራት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ በልክ። ጎኑን ስትዳብሺ የጎድን አጥንቱ በጣትሽ ሊታወቅሽ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት ነበር፤ ከወንድም እህቶቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ረዝመው ኖሩ። እኔ ይህን ያነበብኩት ቡኒ 38 ኪሎ ከገባች በኋላ ነው፤ ወደ 30 ለመመለስ ዘጠኝ ወር ፈጀብን፣ ዳሌዋ እስካሁን ክረምት ሲገባ ይይዛታል።

የክትባት ደብተሩን ከሸጠላችሁ ሰው ተቀበሉ። የፓርቮው (ቡችላን የሚገድለው የተቅማጥ በሽታ) ክትባት በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንቱ መደገም አለበት፤ የእብድ ውሻ በሽታው ሦስት ወር ሲሞላው። እስከዚያ መንገድ ላይ አታውርዱት። ግን ታቅፋችሁ አውጡት፤ ባጃጅ፣ ዣንጥላ፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች፣ ሁሉንም ይይ። ቡችላ ዓለምን ያለ ፍርሃት የሚለምድበት ጊዜ ወደ 14 ሳምንት ገደማ ያበቃል፤ የእናንተው አምስት ሳምንት ነው የቀረው።

ሰንሰለቱን ገና ካልገዛችሁት፣ በገንዘቡ በደረት የሚታሰር ማሰሪያ ግዙለትና ክትባቱ ሲያልቅ ባለቤትሽ ራሱ ጠዋት ጠዋት ይዞት ይውጣ።