ከሰል ወይስ ፔሌት? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሥጋ በጭስ ቀስ አድርጎ የማብሰል ፍቅር ይዞኛል። እስካሁን የምሠራው በጓደኛዬ ስሞከር (በጭስ ማብሰያ ምድጃ) ነበር፤ አሁን ግን የራሴን ልገዛ ነው። ጓደኛዬ ከከሰል ውጭ ያለው ሁሉ የልጅ ጨዋታ ነው ባይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ፔሌት ግሪል ይሁን ትላለች። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉን፣ «ቅዳሜህን ሙሉ እሳት ስትጠብቅ ልትውል ነው?» ነው የምትለኝ። በብዛት መሥራት የምፈልገው ፍርምባና ጎድን ነው፣ አልፎ አልፎም ስቴክ። የቱን ልግዛ?

መልስ፦ ባለቤትህን ስማ፣ ፔሌቱን ግዛ። ጓደኛህ ከተቀየመኝም ይቀየመኝ።

ግን ምን እንደምትገዛ አውቀህ ግዛ። ፔሌት ግሪል ስሙ ግሪል ይሁን እንጂ ሥራው የምድጃ ነው፣ ልዩነቱ በእንጨት መንደዱ ላይ ነው። ፔሌት ማለት በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ሰጋቱራ ነው፣ ከእርሳስ ብዙም የማይወፍር ቁርጥራጭ። እሱን በጎን ያለው ሳጥን ውስጥ ትሞላለህ። በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ትንሽ በትንሹ እየገፋ እሳቱ ወዳለበት ጎድጓዳ ብረት ያደርሰዋል፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ዘንግ ይለኩሰዋል፣ ፋን ደግሞ ያራግበዋል። መቆጣጠሪያው ሙቀቱን እየለካ ፔሌት ይጨምራል ወይ ይቀንሳል። 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልከው ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ እዚያው አካባቢ ይቆይልሃል። ሐሳቡ የትናንት አይደለም። አሜሪካ ኦሪገን ውስጥ ጆ ትሬገር የተባለ ሰው የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ሌሎች አምራቾች ገበያውን ያጥለቀለቁት ግን ያ መብት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ላንተ ፔሌት ያልኩህ በፍርምባው ምክንያት ነው። ፍርምባ ጅማት የበዛበት ሥጋ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አይሆንም። ከ107 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ሙቀት ትልቅ ፍርምባ ከ10 ሰዓት በላይ ሊወስድብህ ይችላል፤ ጅማቱ የሚሟሟው የሥጋው ውስጥ ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ጀምሮ ነው፣ ለጥርስ የሚለሰልሰው ደግሞ 93 እና 96 መካከል ሲደርስ። መሃል ላይ አንድ አሳሳች ነገር አለ። 65 አልፎ ወደ 75 ሲሄድ ቴርሞሜትሩ ለሰዓታት ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም ሥጋው የሚያወጣው ውኃ እየተነነ ራሱኑ ያቀዘቅዘዋል። በከሰል የሚሠራ ጀማሪ እሳቱ የደከመ እየመሰለው የአየር ቀዳዳውን በርግዶ የሚከፍተው፣ ከዚያም ሙቀቱ ጣራ ነክቶ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ፔሌት ላይ የምትነካው ነገር የለም። ከቸኮልክ በፎይል ወይም በሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ትጠቀልለዋለህ፣ ካልቸኮልክ ከልጆችህ ጋር ትጫወታለህ።

ጓደኛህ ስለ ጣዕሙ አልዋሸህም። ጥሩ ከሰል ላይ ደረቅ የእንጨት ጉማጅ ጣል ተደርጎበት የሚወጣው ጭስ ከፔሌት ጭስ ይከብዳል፤ ጭስ የለመደ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። እንግዶችህ ግን ይለዩታል ብዬ አልወራረድም። ሥጋው ሲቆረጥ ከጠቆረው ገጽ ሥር የምትታየው ሮዝ ቀለበትም ብዙ የሚያስፎክር አይደለም፣ በጭሱ ውስጥ ያሉ ጋዞች ሥጋውን የሚያቀላውን ነገር ሲያገኙት የሚፈጠር ቀለም ነው፣ ጣዕም የለውም።

ከሰል የግድ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳሃል የሚለውም የተጋነነ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሲሊንደር መሳይ ስሞከር ባልተለኮሰ ብሪኬት (ተጠቅጥቆ በቅርጽ የተሠራ ከሰል) ሞልተህ ከላይ ጥቂት ፍም ብታደርግበት እሳቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይሄዳል፣ ከለመድከው ለብዙ ሰዓታት ያለ ብዙ ንክኪ ይሠራል። ችግሩ «ከለመድከው» የምትለዋ ነች። ነፋሱ፣ ብርዱ፣ የከሰሉ ዓይነት፣ ክዳኑን ስንቴ እንደከፈትክ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ይሄን መማር ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ፣ እሳቱ ራሱ መዝናኛቸው ነው፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች ከሥርህ ሲሯሯጡ ግን የጋለ ብረትና ፍም አጠገብ ቆሞ መማር ብዙም አይመችም።

አሁን ደግሞ ሻጩ የማይነግርህን ልንገርህ። ፔሌት ግሪል ሥራ አያስቀርም፣ ከእሳት ወደ ጽዳት ያዛውርልሃል። መብራት ከጠፋ እሳቱም ይጠፋል። ፔሌት እርጥበት ካገኘው አብጦ ይፈርስና ጠመዝማዛውን ብረት ይዘጋዋል፣ እሱን መፍታት ደግሞ ግማሽ ቀን የሚበላ ጣጣ ነው፤ ስለዚህ የተረፈውን ክዳኑ ግጥም በሚል ዕቃ አስቀምጥ። አመዱን ማንሳት፣ የፈሰሰውን ስብ መጥረግ አለብህ። ስቡ ከተጠራቀመ እሳት ይነሳበታል። ስትጨርስ ዝም ብለህ ሶኬቱን አትንቀል፣ በራሱ ማጥፊያ አጥፍተህ እስኪጨርስ ጠብቀው፣ አለበለዚያ እሳቱ በፔሌቱ እየተሳበ ወደ ሳጥኑ ሊመለስ ይችላል። ደግሞ ሞተርና ኤሌክትሮኒክስ ያለው ነገር አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም፣ ከሰል ስሞከር ላይ ግን የሚበላሽ ነገር ፈልገህም አታገኝ። ስለዚህ ስትገዛ ከስክሪኑ ማማር በፊት መለዋወጫው መገኘቱን፣ ዋስትናው መቆጣጠሪያውን መሸፈኑንና የብረቱን ውፍረት እይ። የምታስቀምጥበት ቦታ አጠገብ ሶኬትና ከዝናብ መከለያ ከሌለህ ደግሞ እስካሁን ያልኩትን እርሳውና ከሰሉን ግዛ።

ስቴኩ? እሱ ላይ ፔሌት ደካማ ነው። እሳቱ በብረት ሳህን ስለሚሸፈን ሥጋው ነበልባል አያገኝም፣ ብዙዎቹም ከ230 እስከ 260 ዲግሪ ላይ ያበቃሉ። ከባድ የብረት መጥበሻ በደንብ አግልና እዚያ ላይ ጨርሰው።

ጥያቄ፦ እኔ ፔሌት ግሪል ከገዛሁ ቆይቻለሁ። ምቾቱን ወድጄዋለሁ፣ ግን ሥጋው ኦቭን ውስጥ የተጠበሰ ነው የሚመስለኝ። ጭሱ የት ሄደ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙቀቱን ስንት ላይ እያደረግሽው ነው? ፔሌት በኃይል ሲነድ ንጹሕ ይነዳል፣ ንጹሕ ሲነድ ጭሱ ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሰዓታት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ አድርጊው፣ ከዚያ ከፍ አድርጊና ጨርሺ። ሥጋውንም ከፍሪጅ እንዳወጣሽ ቀዝቃዛውን አስገቢው፣ ጭስ ቀዝቃዛና እርጥብ ነገር ላይ ይበልጥ ይይዛል። ይሄ ካልበቃሽ የተበሳሳ የብረት ቱቦ ይሸጣል፤ ፔሌት ሞልተሽ አንድ ጫፉን ትለኩሺና ነበልባሉን አጥፍተሽ ከሥጋው ጎን ታስቀምጪዋለሽ፣ ለሰዓታት እየጤሰ ይቆያል። የፔሌቱን ከረጢትም አንብቢ። ፊት ለፊት በትልቁ የፖም እንጨት ተብሎ ተጽፎ ከኋላ በትንሹ አብዛኛው ሌላ እንጨት እንደሆነ የሚገልጽ አለ። ይሄን ሁሉ አድርገሽም የከሰሉን ያህል አይከብድም፣ እሱን ከፈለግሽ ግሪሉን መቀየር ነው ያለብሽ።

ጥያቄ፦ በከሰል ስሞከር ዶሮ ሠራሁ፣ ጠቁሮ መረረ፣ ቆዳውም እንደ ላስቲክ ሆነ። ዝናብ ስለነበር ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍቼ ነው የሠራሁት። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ከጋራዡ እንጀምር። ሁለተኛ እንዳታደርገው። ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ይገድላል፣ በር መክፈትም አያድንም። ፔሌትም ያው ነው። ዝናብ ከሆነ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ምሬቱ የመጣው ከነጭ ወፍራም ጭስ ነው፣ እሳቱ አየር አጥሮት ነበር። የላይኛውን ቀዳዳ ክፍት ተወው፣ ሙቀቱን በታችኛው ተቆጣጠር። ጭሱ ሳስቶ ወደ ሰማያዊነት ሳይጠጋ ዶሮውን አታስገባ። ሁለት ሦስት የእንጨት ጉማጅ ይበቃል፣ የማቀጣጠያ ፈሳሽ ደግሞ ጭራሽ አታስጠጋው። ዶሮ እንደ ፍርምባ ዝግታ አይፈልግም። ከ135 እስከ 160 ዲግሪ ላይ ሥራው፣ ቆዳው ይስተካከላል፤ ወፍራሙ ቦታ 74 ሲደርስ አውጣው። የተረፈውን አመድ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ሁለት ቀን አቆየውና ነው የምትደፋው፣ ከላይ የሞተ ቢመስልም ውስጡ ፍም ሊኖር ይችላል።