ምዝገባው ካለፈ በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ መምረጥ

ትችያለሽ። «ዜግነት የማልኩት የመራጮች ምዝገባ ከተዘጋ በኋላ ነው፤ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፤ ዘንድሮ አመለጠኝ ማለት ነው?» ላልሽው፣ አላመለጠሽም። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ቀነ ገደቡ ካለፈም ድምፅ በምትሰጪበት ቦታ እዚያው ተመዝግቦ መምረጥ ይቻላል።

ቀደም ብለሽ ከመረጥሽ ወደ ካውንቲሽ የምርጫ ቢሮ ሂጂ፤ በምርጫው ዕለት ከሆነ ግን አድራሻሽ ወደተመደበበት ጣቢያ ብቻ። ቅጹን ሞልተሽ ከፈረምሽ በኋላ የሚሰጡሽ «ፕሮቪዥናል ባሎት»፣ ማለትም ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት ነው። የሌላው ሰው ማሽን ውስጥ ሲገባ ያንቺ ፖስታ ውስጥ ይታሸጋል። አትደንግጪ፣ የምርጫ ቦርዱ ብቁ መሆንሽን አጣርቶ ይቆጥረዋል። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ የሚያግዝሽ ሰው ይዘሽ መግባት መብትሽ ነው፤ አሠሪሽ ወይም የሠራተኛ ማኅበርሽ ተወካይ ብቻ አይሁን።

አንድ ነገር ግን፦ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ሄደሽ መረጃሽን አሳድሺ። ብዙዎቻችን መንጃ ፈቃድ ያወጣነው በግሪን ካርድ ስለሆነ፣ ፋይልሽ ላይ ገና «ዜጋ ያልሆነች» ተብለሽ ተቀምጠሽ ይሆናል። በ2024 ምርጫ ዋዜማ ቨርጂኒያ በዚሁ የዲኤምቪ መረጃ ተነሥታ ወደ 1,600 ሰው ከመዝገብ ስትሰርዝ፣ ዜጎችም አብረው ተሰርዘው ነበር። የአሜሪካ ፓስፖርት ካወጣሽ ወደ ጣቢያው ስትሄጂ እሱን ያዢ።