ኒውሮሳይንስ ተምሬ ምን ልሥራ?

የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ በምክር አገልግሎት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን በኦንላይን የሚሰጠውን የተግባራዊ ኒውሮሳይንስ (የአንጎልና የነርቭ ሳይንስ) ማስተርስ ልጀምር አስቤያለሁ። ስጨርስ ሕሙማንን ማከም እችላለሁ? ስኮላርሺፕስ ይገኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማከም አይችሉም። ይህን ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ አለብዎት። ዲግሪው ምርምርና ትንተና ያስተምራል፤ የሙያ ፈቃድ አያሰጥም። የነርቭ ሐኪም ለመሆን ሕክምና ተምሮ ስፔሻሊቲ መጨረስ ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተብሎ ለመሥራትም የታወቀ የዶክትሬት ሥልጠናና በሙያው ተቆጣጣሪ አካል መመዝገብ ግድ ነው። ልብዎ ያለው ከሕሙማን ጋር ከሆነ አገር ቤት የሚሰጡትን የክሊኒካል ሳይኮሎጂና የአእምሮ ጤና ማስተርሶች ያስቀድሙ።

ምርምሩ ከሳበዎት ግን የእርስዎ ልምድ ዋጋ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል በቡታጅራና በሶዶ ካካሄዳቸው የረጅም ጊዜ ጥናቶች ብዙዎቹ ከዚሁ ከኪንግስ ኮሌጅ ጋር በትብብር የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ባሉ ፕሮጀክቶች ውስጥ የማስታወስና የትኩረት ፈተና በትክክል የሚሰጥ ሰው ይፈለጋል። ፈተናዎቹን እንዳሉ አምጥቶ መስጠት አይሠራም። ለምሳሌ ቁጥርና የላቲን ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘትን የሚጠይቀው የታወቀ ፈተና ፊደል ላልቆጠረ የገጠር አዛውንት ሲሰጥ የሚለካው አንጎላቸውን ሳይሆን ትምህርት ቤት አለመግባታቸውን ነው። በፊደል ፋንታ ቀለም የሚጠቀም ሌላ ቅጂ አለው። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚለይ ባለሙያ ለፕሮጀክቱ ትልቅ ሀብት ነው።

የእንግሊዝ ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው። አንዱ ክሬዲት 10 ሰዓት ያህል ሥራ ስለሆነ ድምሩ 1,800 ሰዓት ይመጣል፤ ለሁለት ዓመት ሲካፈል በሳምንት 17 ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ሥራ ይዘው ይህን የሚችሉ ካልመሰለዎት በ60 ክሬዲት የሚያበቃውን የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት ይጠይቁ።

ስኮላርሺፕን በተመለከተ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የሚሰጠው ቺቭኒንግ ቢያንስ የ2 ዓመት (2,800 ሰዓት) የሥራ ልምድ ስለሚጠይቅ እርስዎ ያሟላሉ፤ ነገር ግን ለኦንላይንና ለትርፍ ጊዜ ትምህርት አይከፍልም፣ ከትምህርት በኋላም ሁለት ዓመት አገር ቤት መመለስ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አያጥፉ። ጀርመንን ይመልከቱ። የጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ከማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ጋር በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው የኒውሮሳይንስ ማስተርስ አለው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ የትምህርት ክፍያ የለበትም፣ የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ይከፈላል። ቱቢንገንም ጥሩ ነው፤ ያለበት ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ ፋርማሲስት ነኝ። ትምህርቱ በተግባር ምን ይመስላል? ሒሳብና ኮድ መጻፍ ያስፈራኛል። (ከጎንደር)

መልስ፦ ከኮዱ አያመልጡም፤ ሒሳቡ ግን ይደረስበታል። የሥራውን ጠባይ ለማየት አንድ የኢኢጂ (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ የመለካት) ቀረጻ ከመነሻው እንከተል።

የአንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቆዳ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ያህል ነው፤ ማይክሮቮልት የቮልት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ዓይን ሲርገበገብ ወይም ጥርስ ሲነከስ የሚፈጠረው ምልክት ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ጥራቱ የሚወሰነው ገና ቆዳው ላይ ነው። በመጀመሪያ ከሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው የአፍንጫ ሥር እስከ ማጅራት ጉብታ፣ ከዚያም ከጆሮ እስከ ጆሮ በሜትር ተለክቶ የራስ መሀል ይገኛል። ተሳታፊው ኤሌክትሮዶች (ምልክቱን የሚያነቡ ትንንሽ መዳሰሻዎች) የተሰኩበት ኮፍያ ያጠልቃል፤ የኮፍያው መሀል ኤሌክትሮድ እዚያ ያርፋል። ቆዳው ይጸዳል፣ 32 ወይም 64 ኤሌክትሮዶች አንድ በአንድ ጄል ይሞላሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ የሚታየው የንክኪ ተቃውሞ ከ10 ኪሎ ኦም በታች እስኪወርድ ይሠራል። ጄል ከበዛ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች ይገናኙና እንደ አንድ ያነባሉ፤ ይህ ከቀረጻ በኋላ አይስተካከልም። የክፍሉ የመብራት መስመርም በእኛ አገር በ50 ኸርዝ፣ በአሜሪካ በ60 ኸርዝ ጣልቃ ይገባል።

ሹሩባ የተሠራች ተሳታፊ ስትመጣ ኤሌክትሮዱ ቆዳ አይነካም። ብዙ ላቦራቶሪዎች በዚህ ምክንያት ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ያላቸውን ሰዎች ከጥናት ሲያስቀሩ ኖረዋል፤ ውጤቱም የተዛባ ናሙና ነው። በካርኒጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በሹሩባ መስመሮች መካከል የሚያዙ ኤሌክትሮዶች ተሠርተዋል። እነሱ በሌሉበት ቀጠሮውን ፀጉር ከመሠራቱ በፊት መያዝ ወይም ክፍተቶቹ በኤሌክትሮዶቹ መስመር እንዲወርዱ አስቀድሞ መነጋገር ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጥናት የሚያቅድ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ቀን ሊያስብበት ይገባል።

ቀጥሎ ትንተናው ይመጣል። አንድ ድምፅ ሲሰማ አንጎል የሚሰጠው ምላሽ በአንድ ሙከራ አይታይም፤ ስለዚህ ድምፁ እየተደጋገመ አማካይ ይወሰዳል። ጫጫታው የሚቀንሰው በሙከራው ቁጥር ስኩዌር ሩት ልክ ነው። በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሙከራ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሰዓት የተወሰነ ቀረጻ ውስጥ ስንት ሁኔታ ማወዳደር እንደሚቻል የሚወስነው ይህ ሒሳብ ነው። ጀማሪ በብዛት የሚሳሳተው ማጣሪያው ላይ ነው። ሞገዱ ንጹሕ እንዲመስል ብሎ ዝቅተኛ ድግግሞሾችን አብዝቶ ሲቆርጥ እንደ ፒ300 (ድምፁ ከተሰማ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚታይ ሞገድ) ያሉ ቀስ ብለው የሚነሡ ምላሾች ቅርጻቸው ይበላሻል።

በኤፍኤምአርአይ (የአንጎልን ሥራ በደም ፍሰት ለውጥ በሚያሳየው የማግኔት ምስል) ደግሞ ትልቁ አደጋ ስታቲስቲክስ ነው። 100,000 የአንጎል ነጥቦች ለየብቻ ተፈትሸው የ0.05 መስፈርት (ከመቶ አምስት ጊዜ በአጋጣሚ መሳሳትን የሚፈቅደው) ቢወሰድ ምንም ነገር በሌለበት 5,000 ያህሉ «በርተው» ይታያሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ መሣሪያው ውስጥ አስገብተው ለፍተሻዎቹ ብዛት እርማት ሳያደርጉ ቢተነትኑ አንጎሉ «ሲሠራ» ታየ። በማስተርስ ደረጃ ከሁሉ በላይ አጥብቀው ሊማሩት የሚገባው ይህ እርማት ነው።

ከማመልከትዎ በፊት ሦስት ወር ፓይተን የተባለውን የኮድ ቋንቋ ይለማመዱ። ኤምኤንኢ የተባለው የትንተና ጥቅል ነፃ ነው፤ ኦፕንኒውሮ በተባለው ድረ ገጽ ላይም ነፃ የኢኢጂ መረጃ አለ። አንዱን አውርደው ማጽዳት፣ አማካይ መውሰድና ሥዕሉን ማውጣት ይሞክሩ፤ ኮዱን ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። ኒውሮማች አካዳሚ በየክረምቱ በኦንላይን የሚሰጠው የሦስት ሳምንት ኮርስ ክፍያውን እንደ አገሩ አቅም ይቀንሳል። ፋርማሲስት መሆንዎም ይረዳል፤ የመድኃኒት ሙከራ የሚያስተባብሩና የሚከታተሉ ድርጅቶች መድኃኒትና ኒውሮሳይንስ አብሮ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የመድኃኒት ልማትና ሙከራ ማዕከል የሚሠራው በዚሁ መስክ ነው።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርድ አለኝ፤ በቅርቡ እዚሁ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ማስተርስ ልማር ወይስ ሥራ ልፈልግ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ለማስተርስ ብድር አይግቡ። በአሜሪካ ፒኤችዲ ለመግባት ማስተርስ አይጠየቅም፤ የኒውሮሳይንስ ፒኤችዲ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፣ ደሞዝም ይሰጣል፣ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ይፈጃል። መግቢያው የምርምር ልምድ ነው። ቤተስዳ ያለው ብሔራዊ የጤና ተቋም ከአጠገብዎ ነው፤ ለአዲስ ተመራቂ ዜጎችና ግሪን ካርድ ላላቸው የሚከፈልበት የምርምር ሥልጠና ይሰጣል። በማስታወቂያ ብቻ አይጠብቁ፤ ለላቦራቶሪ ኃላፊዎች በቀጥታ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፣ ካሳተሙት ጽሑፍ አንዱን አንብበው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ ይግለጹ።

ሥራ ቶሎ ከፈለጉ የኢኢጂ ቴክኖሎጂስትነት አለ። ፈተናውን አብሬት የተባለው ድርጅት ይሰጣል። ማስተርስ አይጠይቅም፤ በሆስፒታልና በእንቅልፍ ላቦራቶሪ ያሠራል።

ጥያቄ፦ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። የስድስት ሳምንት የኒውሮማርኬቲንግ (የአንጎል ሳይንስን ለገበያ ጥናት የማዋል) ሰርተፊኬት ይጠቅመኛል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ቃላቱን ያውቁበታል፤ በእሱ ብቻ የሚቀጥርዎት ላይኖር ይችላል። በዚህ መስክ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው የዓይን እንቅስቃሴ መከታተያና የተጠቃሚ ጥናት ነው፤ ጥናት መንደፍና ስታቲስቲክስ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ድርጅትዎ «የደንበኛን አንጎል እናነባለን» ከሚል ሻጭ አገልግሎት ሊገዛ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በስንት ሰው ላይ ተለካ፣ የተጣለው መረጃ ስንት እጅ ነው፣ ጥሬው ቀረጻ ለእኛ ይሰጠናል ወይ። ሦስተኛውን እምቢ ካሉ አይግዙ።