ሜካኒካልሽን አትልቀቂ

ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለሽው የ4ኛ ዓመት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ መሥራት ፈልገሽ፣ «ከዜሮ ጀምሬ ባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ ምህንድስና) ልማር ወይ?» ነው ያልሽኝ።

ኧረ ተይ እህቴ! የጋራዥ ልጆች «ቦኮላው ተበልቷል» ሲሉ ሰምተሽ የለ? ዘንግ የሚዞርበት ቀለበት ተፋትጎ አለቀ ማለታቸው ነው። ያንቺም ጉዳይ እሱው ነው። አብዛኛው ሰው ሠራሽ ዳሌ የብረት ወይም የሴራሚክ ኳስ ነው፤ ፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ ይዞራል። ፕላስቲኩ ይበላል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ጎድጓዳውን መጀመሪያ ከቴፍሎን ነበር የሠራው። ቴፍሎን ሙልጭልጭ ነው፣ መጥበሻ ላይ እናውቀዋለን። ግን በጥቂት ዓመታት ተበልቶ አለቀ፤ ታካሚዎቹም እንደገና ኦፕራሲዮን ሆኑ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ፖሊኢትሊን ወደሚባል ሌላ ፕላስቲክ ዞረ። ሰውዬው ደፋር ነው፤ የሁለቱንም ናሙና የገዛ ጭኑ ውስጥ አስቀብሮ ጠበቀ። ከወራት በኋላ የቴፍሎኑ ቦታ አብጦ በእጅ ይዳሰስ ነበር። ማንሸራተትና አለመበላት ለየቅል ናቸው።

የባጃጅ ቦኮላ ሲያልቅ ይቀየራል፣ በቃ። ሰውነት ውስጥ ግን ብናኙ መሄጃ የለውም። የመከላከያ ሴሎች ሊውጡት ይታገላሉ፤ በዚህ መሀል ዙሪያው ያለው አጥንት ይሳሳል፣ መገጣጠሚያውም ይላላል። ጉልበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የዳሌው ኳስ ጎድጓዳው ውስጥ ግጥም ይላል፤ ጉልበት ላይ ግን ክብደቱ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ ሊላጥ ይችላል። ፕላስቲኩን በጨረር ማከም የዳሌውን መበላት በብዙ ቀንሷል፤ በዚያው ልክ ግን ስንጥቅ የመቋቋም አቅሙን ይጎዳል። ይህን ማመዛዘን የሜካኒካል ሰው ሥራ ነው።

አልዋሽሽም፣ ሥራው ጅማ ላይ ተዘጋጅቶ አይጠብቅሽም። የማስተርስ ዕድል ስትፈልጊ አፍ የሚሆንልሽ የመመረቂያ ፕሮጀክትሽ ነው። በሚሽከረከር የብረት ዲስክ ላይ የፕላስቲክ ፒን (ትንሽ ዘንግ) የሚጫን ቀላል ማሽን ሥሪ፤ አንድ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ይበቃሻል። ማለስለሻው ውሃ አይሁን፣ ውሃ ያሳስታል። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት የከብት ደም ሴረም (ደሙ ሲረጋ የሚለየው ፈሳሽ) ነው፤ ቄራ ሄደሽ አስፈቅጂ። ጓንት አትርሺ፣ ሽታውም አይጣል ነው።

ምን ያህል እንደተበላ የምታውቂው ፒኑን ከመፋተጉ በፊትና በኋላ መዝነሽ ነው። ለማነጻጸሪያ አንዱን ፒን ሳታፋትጊ ሴረሙ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አቆዪው። ፕላስቲኩ ፈሳሽ ይመጥጣል። የተፋተገውን ብቻ ከመዘንሽ፣ ተበልቶም ክብደት የጨመረ ሊመስልሽ ይችላል።