«ባሌ ቤዝመንታችንን ባቡር ጣቢያ አደረገው»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ከተጋባን 17 ዓመት ሆነን፤ የ13 ዓመት ልጅ አለን። ባለቤቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤዝመንት ውስጥ ባለ ሦስት ፎቅ የአሻንጉሊት ባቡር እየሠራ ነው። ከሥራ ይመጣል፣ በልቶ ይወርዳል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይወጣል። አሁን ደግሞ ልጄንም ወስዶብኛል። አንድ ባቡር ብቻ 380 ዶላር እንደገዛ ከጋራ ሂሳባችን ላይ አየሁ፤ አልነገረኝም። እንግዳ ሲመጣ አፍሬ በሩን እቆልፋለሁ። በሐምሌ እናቴ ትመጣለች፤ የት ላሳርፋት? እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ እሱ ይጫወታል። ሲያወራም ስለ ሐዲድ ብቻ ነው። አይጠጣም፣ ውጭ አያመሽም፤ ግን ባል የለኝም። ሽማግሌ ልጥራ ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ በቅድሚያ ልክ የሆንሽበትን ልናገር። ሳይነግርሽ ከጋራ ሂሳብ 380 ዶላር ማውጣቱ ስህተት ነው። የእናትሽ ማረፊያም ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሷቸው ጉዳዮች ናቸው። ሽማግሌ የሚያስጠራ ንዴት ከእነሱ ብቻ አይመጣም።

ዋጋውን እስከ ዶላሩ ታውቂዋለሽ። ምን ባቡር እንደሆነ፣ የት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ የለም። እስቲ እኔ ልገምት። የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። በየሱቁ በብዛት የሚሸጠው ሞዴል ባቡር የሚሠራው ግን ከዚያ ሰፋ ያለውን ሐዲድ ተከትሎ ነው። የአንድ ሜትሩን ሐዲድ 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት የፈለገ ሰው የ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ይህን በአብዛኛው የሚሠሩት የአውሮፓ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ሦስት ፎቅስ ለምን? ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ታች፣ መሃል፣ ላይ።

ቦታ የሚፈጀውም ወዶ አይደለም። ሞዴል ባቡር የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ሜትር ሐዲድ ላይ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ ዳገት ባይኖር ይመርጣሉ፤ ካለዚያ ባቡሩ ፉርጎዎቹን መጎተት ያቅተዋል። ስለዚህ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው 40 ሳንቲሜትር ለመውጣት 20 ሜትር ሐዲድ ክብ እየዞረ መጠምዘዝ አለበት። ትንሽ ከተዛነፈ ፈትቶ እንደገና መሥራት ነው። እውነተኛው ባቡርም ቢሆን ድሬዳዋ የገባው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ባልሽ ገና ሁለት ዓመቱ ነው!

ግምቴ ስህተት ሊሆን ይችላል። ልክ መሆኑን የሚነግርሽ እሱ ነው፤ የጠየቅሽው ግን አይመስለኝም። «ሲያወራም ስለ ሐዲድ ብቻ ነው» ብለሻል። ያወራልሻል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ የሙያ ጓደኞቼ «የአባቱን ሐዘን እየተወጣ ነው» ማለት ይቀናቸዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አልቸኩልም። ሰው ደስ ስላለው ብቻም አንድ ነገር ይሠራል። እኛ ሰዎች ጋ ለመቀበል የሚከብደው ይሄኛው ነው።

አሁን የምልሽን አትቀየሚኝ። ደጋግሜ ያነበብኩት አንድ መስመር አለ፤ «እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ እሱ ይጫወታል» የምትለዋ። ውስጧ ቅናት ይሰማኛል። በሌላ ሴት አይደለም፤ በደስታው ነው የቀናሽው። ክፉ ነሽ ማለቴ አይደለም። ደብዳቤሽ ውስጥ ልጅሽ አለ፣ እናትሽ አሉ፣ እንግዶች አሉ፣ ባንክ አለ። አንቺ ግን የምትወጂው፣ ለራስሽ ብለሽ የምታደርጊው አንድም ነገር የለም። ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣት እንኳን አልተጻፈም። ራሱን አጥብቆ የሚከለክል ሰው፣ አጠገቡ ያለው ሰው ራሱን ሳይከለክል ሲያይ የተሰረቀ ይመስለዋል።

ስደት ላይ ያለን ሰዎች ይሄ ጠባይ በርትቶብናል። ለሀገር ቤት እንልካለን፣ ዕቁብ እንጥላለን፣ ኦቨርታይም እንሠራለን። እረፍት የምንወጣው ሰርግ፣ ክርስትና ወይም ለቅሶ ሲኖር ነው፤ ለሰው ብለን። ባልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ ቤት ቢያመሽ ብዙዎቻችን «ወንድ አይደል» ብለን እናልፈው ነበር። ትልቅ ሰው እቤቱ ተቀምጦ ሲጫወት ግን በር እንቆልፋለን። ለምንድነው የሚያሳፍረን? ይህን ጥያቄ ከእሱ ይልቅ ለራስሽ ብታነሺው እወዳለሁ።

እንዲህ ስል እሱን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ሁለተኛውን ሥራ የጀመርሽው ለምን ነበር? ምክንያቱ ዛሬም አለ? ካለ፣ እሱ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚያሳልፈው ሰዓት ከአንቺ ሸክም ላይ የተወሰደ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ በግልጽ ልትጠይቂው መብትሽ ነው። ምክንያቱ ካለፈ ደግሞ፣ ማን ነው አሁንም ድረስ የሚያሠራሽ? ሁለታችሁም ይህን ትታችሁ ባቡሩ ላይ ትጣላላችሁ።

ስለ ልጅሽ ብዙ አልልም። የ13 ዓመት ልጅ ስልኩን ጥሎ ከአባቱ ጋር እንጨት ሲቆርጥና ሽቦ ሲያገናኝ ማምሸቱን ችግር ብለው የሚጽፉልኝ እናቶች ጥቂት ናቸው። ያመመሽ ከላይ ብቻሽን መቅረትሽ ይመስለኛል።

ሽማግሌው ቢያንስ ለጊዜው ይቆይ። በጨዋታ ተከሶ ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ሰው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ከዚህ በኋላ ወጪውን ይበልጥ ይደብቃል። አንድ ማታ ውረጂ። ገንዘብም፣ እናትሽንም ሳታነሺ «ይሄ የት ጋ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። ላይሳካ ይችላል፤ ሁለት ዓመት የተቆለፈ በር በአንድ ማታ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ገንዘቡን ሌላ ቀን አንሱት። በወር ይህን ያህል ብላችሁ ለባቡሩ መድቡ፣ ያንኑ ያህል ለአንቺም ይመደብ፤ ምን እንደምታደርጊበት እስካሁን ባታውቂም። እናትሽ ዕድሜያቸው ከገፋ የቤዝመንቱ ደረጃ አይመቻቸውም። ልጁ ክፍሉን ለአያቱ ለቅቆ ታች ቢተኛ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

እኔ የሰማሁት አንድ ወገን ብቻ ነው። እናንተ አካባቢ አማርኛ የሚናገሩ የትዳርና የሥነ ልቦና አማካሪዎች አሉ፤ በአካል ብታገኟቸው ይሻላል። እሱ እምቢ ቢል አንቺ ብቻሽን ጀምሪ፤ በተለይ ድካሙ እንቅልፍ መንሳት ከጀመረሽ። የሁለተኛውን ሥራ ጉዳይ ደግሞ ከሐምሌ በፊት ተነጋገሩበት። እናትሽ ከመጡ በኋላ ለዚያ ወሬ ጊዜም ቦታም አታገኙም።